የናይለን ጅራፍ ለጀማሪ፦ ከወራት ልምምድ በኋላ

ይህን ጅራፍ ከያዝኩት ወራት አልፈዋል። ፈረንጆቹ ቡልዊፕ የሚሉት ዓይነት ነው፤ ጥቁር፣ 1.8 ሜትር የሚረዝም፣ ከላይ እስከ ታች በናይለን ገመድ የተጎነጎነ። ከውጭ በሰው ያስመጣሁት ለጀማሪ ይሆናል ስለተባለ ነው። ሆኗልም። ግን ዕቃው ጥሩ ስለሆነ ብቻ ከጉዳት አያድናችሁም፣ ስለዚህ ስለ አጠቃቀሙም አብሬ እጽፋለሁ።

ጅራፍ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ቡሄ ሲመጣ፣ ነሐሴ 13፣ እረኛው የገመደውን ጅራፍ ያጮኻል፤ ድምፁም በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው ይባላል። በአንዳንድ ገጠር ልጆቹ እርስ በርስም ይገራረፋሉ። ያንን በዚህ ጅራፍ አታስቡት። ጫፉ ቆዳ ይሰነጥቃል፣ ዓይን ያጠፋል።

ለምን እንዲህ ኃይለኛ እንደሆነ ማወቁ መያዙንም ያቀላል። ጅራፉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ስትወረውሩት አንድ ቀለበት ይፈጠርና በገመዱ ላይ ወደ ጫፍ ይሮጣል፤ የሚሸከመው ክብደት እየቀነሰ ሲሄድ ፍጥነቱ እየጨመረ ይመጣና መጨረሻ ላይ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፣ ይህም በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ጎሪየሊ እና ማክሚለን የተባሉ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 እንዳሳዩት ጩኸቱ የሚመጣው ከዚሁ ቀለበት ነው። ጅራፉ የሚጮኸው የመታው ነገር ስላለ አይደለም። ጉልበትም አይፈልግም። በኃይል የሚወረውር ሰው ቀለበቱን ያበላሸዋል፣ ጫፉም ወዳልታሰበበት ይዞራል።

የምለማመደው ጃን ሜዳ ነው፣ በጠዋት፣ ሯጮቹና ኳስ ተጫዋቾቹ ከሌሉበት ጥግ። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ግቢ ውስጥ አይሞከርም፤ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ የመብራት ሽቦ አለ፣ ልጅ ደግሞ ከየት ብቅ እንደሚል አይታወቅም። መጀመሪያ እጄንና ጅራፉን ዘርግቼ ዙሪያዬን ቀስ ብዬ እለካለሁ። በዚህ ርዝመት ከራሳችሁ በየአቅጣጫው ቢያንስ 4 ሜትር ባዶ ይሁን። ፈረስ ወይም ውሻ በቅርብ ካለ ጠቅልሉት።

የሥራ መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው፤ መርካቶ ግልጽ የሆነውን በቀላሉ ታገኛላችሁ። ወፍራም ጃኬት፣ ጂንስ ሱሪ፣ ጠርዝ ያለው ኮፍያ፣ የጆሮ መድፈኛ። አንዳንዴ ልጆች ይሰበሰቡና «ጋሼ፣ አንዴ ልሞክር?» ይላሉ። መነጽሩን ሳያደርግ ማንም ልጅ እጀታውን አይነካም። መነጽር አድርጎም የመጀመሪያውን ቀን በዝግታ ማወዛወዝ ብቻ ነው የምፈቅደው።

አወራወሩ እንዲህ ነው። ጅራፉን ከፊታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ መሬት ላይ ዘርጉት። ክንዳችሁን ከጎናችሁ፣ ከትከሻችሁ ውጪ ባለ አንድ መስመር ላይ ወደ ላይ አንሱ፤ ጅራፉ በጎናችሁ አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ወደ ኋላ ተዘርግቶ መውደቅ ሳይጀምር እጃችሁን ወደ ፊት ስደዱት፣ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው። ከጮኸ በኋላ ወደ ራሳችሁ አትሳቡት። ፊትና ጆሮ የሚመታው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። እጃችሁ ወደ ፊት ይቀጥል፣ ጅራፉም መሬት ላይ ይውደቅ። መስመሩ ወደ ጭንቅላታችሁ ካዘነበለ ሳትጨርሱ አቁሙ። በጭንቅላት ዙሪያ የሚዞረውንና በሰው እጅ የተያዘ ነገር መምታቱን ጀማሪ አይንካው።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ናይለን ከቆዳ ስለሚቀልል ሆዱ ውስጥ ትናንሽ የብረት እንክብሎች አሉበት፣ ሚዛኑም በእጅ ላይ ደስ ይላል። ለእኛ ክረምት ደግሞ ዋናው ጥቅሙ ዝናብ አለመፍራቱ ነው። የጃን ሜዳ ጭቃ ሲነካው በሳሙናና በውሃ አጥቤ ጥላ ላይ እሰቅለዋለሁ፤ ቆዳ ቢሆን ቅባት ይፈልጋል፣ ከራሰም በኋላ ደርቆ ግትር ይላል። የእጀታው ጉንጉን እስካሁን አልላላም።

ቶሎ የሚያልቀው ጫፉ ላይ የምትታሰረው ክር ናት። አዲስ ስትሆን መጨረሻዋ እንደ ትንሽ ጭራ ይበተናል፤ ሣር ላይ ስትቆይ ታጥራለች፣ ጠጠር ላይ ደግሞ ወዲያው ትበጣጠሳለች፣ ድምፁም ይደክማል። አብረው የመጡት ትርፍ ክሮች አልቀውብኛል። አሁን ግንበኛ ግድግዳ ሲያስተካክል የሚወጥራትን ናይለን ክር ከዕቃ መሸጫ እየገዛሁ፣ አጥፌ ገምጄ፣ መጨረሻዋ ላይ ቋጥሬ፣ ከቋጠሮው በታች እበትናታለሁ። በደንብ ትጮኻለች፤ ከመጀመሪያዎቹ አታንስም።

ቅሬታዬ አንድ ነው፦ ከጉንጉኑ ቀጥሎ ክሯ የምትታሰርበት ነጠላ ገመድ ቀጭን ነው፣ ተፈትጎ ፀጉር አውጥቷል፣ መለወጫው ግን አብሮ አልመጣም። ልታስመጡ ካሰባችሁ ያንን ገመድ ለብቻው ሁለት ሦስት ጨምሩ። ርዝመቱንም ከ1.8 ሜትር አታስበልጡ። ረጅሙ ያምራል፣ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚዞር ለመቆጣጠር ይከብዳል፣ የሚፈልገው ባዶ ቦታም መሃል አዲስ አበባ በቀላሉ አይገኝም።