ባሕር ዳር ላይ «ሙሉ የዳይቪንግ ዕቃ፣ ከነቦታው» የሚሏችሁን እንዳታምኑ

ከጅቡቲም ሆነ ከምጽዋ ውኃ ለምዳችሁ ወደ ጎጃም የተዛወራችሁ ጠላቂዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ገንዘቡ ከሄደ ገና ሁለት ቀኑ ነው፤ ንዴቴ ስላልበረደ ቃሌ ቢመር ይቅር በሉኝ። የከተማዋ ስም ባሕር ዳር ስለሆነ፣ የአገሩም ሰው ጣናን «ባሕር» ስለሚለው፣ እንደኔ እንዳትጃጃሉ።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። የዱባይ ዕቃ የሚደረድሩ፣ ማስክና ፊን (የእግር መቅዘፊያ) ከጎማ ጀልባ ጎን የሚሰቅሉ፣ ደረሰኛቸው ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ያለበት። ጥቅሉ 95 ሺህ ብር ነው፦ የአየር ሲሊንደር፣ ሬጉሌተር (የሲሊንደሩን አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው)፣ አየር እየተሞላ የሚያንሳፍፍ ጃኬት፣ የመጥለቂያ ልብስ፤ ምራቂው «ሦስት ምርጥ ቦታ በጀልባ እናሳይዎታለን»። 40 ሺህ ቀብድ፣ ቀሪው ጀልባው ሊነሳ ሲል በቴሌብር።

ሱቅ ውስጥ የፈተሽኩት የማይረባውን ሁሉ ነው። ፊኑን ለካሁ፣ ማስኩን ፊቴ ላይ ለጥፌ በአፍንጫዬ ሳብኩ፣ ላስቲኩ ተሰንጥቋል ብዬ ስለ 500 ብር ተከራከርኩ። ከሬጉሌተሩ ግን አንድ ትንፋሽ አልወሰድኩም። የሱቁ ልጅ «አየሩ እንዳይባክንብዎ ጋሼ» ሲለኝ እሺ አልኩ። 11 ሊትር ሲሊንደር ላይ አሥር ትንፋሽ 20 ሊትር አየር ቢሆን ነው፤ ከ180 ባር ግፊት ላይ ሁለት ባር እንኳ አይቀንስም። ሌላ ሰው ቢያደርገው የምቆጣበትን ስሕተት ራሴ ሠራሁት። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየ በሬ።

ወደቡ ላይ ቀሪውን 55 ሺህ ላኩ። መልእክቱ ሲደርሰው ልጁ ስልኩን አይቶ ፈገግ አለ። ሬጉሌተሩን አሰርኩ፣ ቫልቩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፤ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 180 ባር አለ። የመጀመሪያውን ትንፋሽ ስስብ ቀስቱ 110 ላይ ወደቀ። ትንፋሼን ስይዝ ወደ 180 ተመለሰ። ደግሜ ሳብኩ፤ 110። አየሩ በነፃነት የሚያልፍ ከሆነ ቀስቱ እንዲህ አይወዛወዝም። ወይ ቫልቩ በደንብ አልተከፈተም፣ ወይ አንድ ነገር መንገዱን ደፍኖታል። ቫልቩ ክፍት ነው።

ዘግቼ አየሩን አስወጥቼ ሬጉሌተሩን ፈታሁት። አየር የሚገባበት ትንሹ ወንፊት ደህና ሲሆን እንደ አዲስ ነሐስ ያበራል፤ ይሄኛው ነጭ ዱቄት ለብሷል። ነጭ ዱቄት የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ሲሊንደሩ አየሩ ተሟጦ እስኪያልቅ ባሕር ውስጥ ተሠርቶበት፣ ጨው ውኃ ገብቶበት፣ ሳይታጠብ የከረመ ነው ማለት ነው። (ቡናማ ቢሆን የብረት ሲሊንደር ዝገት፣ ጥቁር ቢሆን አየሩን ከሚሞላው ኮምፕሬሰር ማጣሪያ ያመለጠ ከሰል ነው።) ሲሊንደሩን ገልብጬ ቫልቩን ትንሽ ብከፍተው ዱቄቱ ፎጣዬ ላይ ተረጨ፤ የሞተር ጭስ ሽታም አብሮት መጣ። ጭስ ከሸተተ የኮምፕሬሰሩ አየር መሳቢያ የሞተሩ ጭስ ማውጫ አጠገብ ነበር ማለት ነው። ከጭሱ ጋር የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ራሱ ሽታ የለውም። ይገድላል።

ከዚያ ወደ ስቲከሩ ዞርኩ። የሲሊንደሩ ትከሻ ላይ ዓሣ የተሳለበት ሰማያዊ ስቲከር ተለጥፏል፤ ሱቅ ውስጥ ጌጥ መስሎኝ ነበር። በጥፍሬ ብልጠው ሥሩ የግፊት ምርመራው ማኅተም ወጣ፦ 06 11። እንደ ፈረንጆቹ ጁን 2011። ይህ ምርመራ በየ5 ዓመቱ፣ ውስጡን ከፍቶ ማየት ደግሞ በየዓመቱ መደረግ ያለበት ነው። ስቲከሩን በትክክል ማኅተሙ ላይ የለጠፈው ሰው የሚለጥፍበትን ያውቃል።

ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። «ጋሼ፣ አየር አየር ነው» አለኝ። «ዋናተኛ ነኝ ብለውን አልነበር እንዴ?» ጓደኛው ሳቀ። ባለሱቁ ጋ ስደውል «ካልፈለጉት መልሰን እንሸጥልዎታለን፣ ኮሚሽኑ አሥር በመቶ ብቻ ነው» አለ፣ ውለታ እንደሚውል ሰው። ያ ሳቅ አሁንም ያቃጥለኛል።

«ምርጥ ቦታ» ያሏቸውንም ልንገራችሁ። አንደኛው የዓባይ መውጫ ነው፤ «20 ሜትር ጥልቀት፣ ጥርት ያለ ውኃ»። ጣና እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን እያወቅሁ ዝም ብዬ ሰማሁ። ባለጀልባው ነው ያዘነልኝ፦ «አያ፣ እዚያ እኮ ጉማሬ ውሎ ያድራል።» ዝቅ ሲል ደግሞ የጨራ ጨራ ግድብ በሮች አሉ።

ሁለተኛው ኩንዝላ ነው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሐይቁ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ የሚሳበው ከዚያ ነው፤ ጠላቂ ደግሞ ውኃ የሚስብ በር አጠገብ ድርሽ አይልም። ግልገል ዓባይም ደለሉን የሚደፋው በዚያው ወገን ስለሆነ ክረምት ላይ ጌጁን ለማንበብ ማስኩ ላይ መለጠፍ ሊያስፈልግ ነው።

ሦስተኛው ኮሶበር አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ ነው። ውኃው ከጣና ይጠራል፤ ግን የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፣ ከመቶ ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ጃኬቱ አየር ካልያዘ የሚያስቆም ወለል የለም። ከፍታውም 2,500 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ስለሆነ 12 ሜትር የጠለቀ ሰው የጠላቂዎች ሠንጠረዥ ላይ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) 16 ብሎ መቁጠር አለበት። ጣና ላይ፣ በ1,800 ሜትር ገደማ፣ ያው 12 ሜትር 15 ይሆናል። የሻጮቹ ፕሮግራም ምን ይላል? ጠዋት ጣና፣ ከሰዓት ዘንገና! በሰውነት ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን ሳይወጣ በመኪና 700 ሜትር ሽቅብ ወደ ኮሶበር መንዳት ጠልቆ ወዲያው አውሮፕላን እንደ መሳፈር ነው፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሲብስ ሽባ ያደርጋል። ያንን ፕሮግራም የጻፈው ሰው አንድ ቀን እንኳ የጠለቀ አይመስለኝም።

ለምትገዙ፦ ማኅተሙን አንብቡ፣ ስቲከር ካለ ላጡ፣ ጌጁን እያያችሁ አሥር ጊዜ ተንፍሱ፣ ወንፊቱን እዩ፣ አየሩ የት እንደተሞላ ጠይቁ። ጎሚስታ ጋ ነው ካሏችሁ ውሸት ነው፤ የጎማ ኮምፕሬሰር አሥር ባር ገደማ ላይ ይቆማል። ጣና ዳር ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ብዙ አትቁሙ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

የእኔን ሲሊንደር አየሩን አስወጥቼ ቫልቩን ፈትቼ አስቀምጬዋለሁ። መንታው ግን እስከ ትናንት ማታ ድረስ መስኮታቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ ቢጫ ነው፣ ትከሻው ላይ ሰማያዊ ዓሣ ያለበት ስቲከር ተለጥፎበታል።