ሲዲ ማጫወቻዬን ያለ ፕሪአምፕ ከፓወር አምፕሊፋየር ጋር ላገናኙልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ሁለት ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠው የሙዚቃ መሣሪያዬ ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ይህን ላደረጉልኝ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ፣ ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁም እሳቸውን መጠቆም ግዴታዬ ነው። ባለሙያው ለረጅም ዓመታት ፒያሳ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ቴፕና አምፕሊፋየር ሲጠግኑ የኖሩ ሲሆን፣ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ ወደ ሰሚት ተዛውረው አሁን በመኖሪያ ግቢያቸው ይሠራሉ። የድሮ ደንበኞቻቸው የት እንደገቡ ባለማወቃቸው ብዙዎቹ እንደጠፉባቸው ስለነገሩኝ ነው ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ዜጋ የገዛሁት ዕቃ ኳድ 405 የተባለው የእንግሊዝ ፓወር አምፕሊፋየር (ድምፅን አጉልቶ ስፒከር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ) ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበ፣ በ8 ኦም ስፒከር ላይ በእያንዳንዱ ቻናል 100 ዋት የሚሰጥ ጠንካራ ዕቃ ቢሆንም፣ ፊቱ ላይ አንድም የድምፅ መቆጣጠሪያ የለውም፤ ድምፅ የመጨመርና የመቀነሱ ሥራ ከእሱ በፊት የሚገናኘው የፕሪአምፑ ነውና። ሻጩ ዘንድ ግን ፕሪአምፑ አልነበረም። በእጄ ያለው አባቴ ትተውልኝ ያለፉት ሲዲ ማጫወቻና በዐቢይ ጾም ያዳምጧቸው የነበሩት የበገና ሲዲዎች ብቻ ነበሩ።

መጀመሪያ በሄድኩበት ሌላ ሱቅ የነበረው ሠራተኛ «ገመዱ ከገባ ይሠራል» ብሎ ማጫወቻውን በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘው። ዲስኩ መዞር እንደጀመረ የወጣው ድምፅ መስኮቱን አንቀጠቀጠው፤ ሮጠን እስክናጠፋው ድረስ የቀኙ ስፒከር ትዊተር (ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል) ተቃጥሎ ነበር። ቀጥሎ የጠየቅሁት ሰው ደግሞ ያለ ፕሪአምፕ ፈጽሞ እንደማይሆን ነግሮኝ፣ ከአምፕሊፋየሩ የሚበልጥ ዋጋ ጠራልኝ። በዚህ ተስፋ ቆርጬ ዕቃውን ልሸጠው ስል ነው አንድ ዘመዴ ወደ እኚህ ባለሙያ የላከኝ።

ጋሼ (እኔ እንዲህ ነው የምጠራቸው) ገመድ ከማንሣታቸው በፊት ማጫወቻውን አዙረው ጀርባውን መረመሩ። የድምፅ መውጫው መጠኑ የማይለወጥ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ቴስተራቸውን አውጥተው በመጀመሪያ በመውጫው ላይ ዲሲ ቮልቴጅ (እንደ ባትሪ አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) መኖር አለመኖሩን ለኩ፤ ምክንያቱም በቀጥታ ሲገናኝ ያ ዲሲ በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች አልፎ ስፒከር ሊያቃጥል ይችላል። ከጥቂት ሚሊ ቮልት እንዳልበለጠ ካዩ በኋላ የመለኪያ ድምፅ የተቀዳበት ዲስክ አስገብተው ማጫወቻው የሚያወጣውን ቮልቴጅ ለኩ። ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ ነበር። ከዚያም የነገሩኝን እስካሁን አልረሳሁትም። «ልጄ፣ ይህ አምፕሊፋየር ግማሽ ቮልት ሲገባለት ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ይሰጣል። ማጫወቻህ የሚልክለት 2 ቮልት ነው፤ በአራት እጥፍ እየገፋኸው ነው። ማጫወቻህ ጉልበት አላነሰውም፤ የሚያስፈልገው ልጓም ነው።»

ይህን ያስረዳኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። የሸክላ ማጫወቻ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ስለሆነ መጠንከር ይኖርበታል፤ ሲዲ ማጫወቻ ግን ከበቂ በላይ ያወጣልና መቀነስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ጋሼ በአንዲት ትንሽ የብረት ሣጥን ውስጥ ባለ ሁለት ቻናል 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (እየዞረ ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ ቁልፍ) ገጠሙ፤ ከእሱም በፊት ለእያንዳንዱ ቻናል አንዳንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) በየዱ። በዚህም ቁልፉ እስከ መጨረሻው ቢዞር እንኳ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚደርሰው ከ0.8 ቮልት ገደማ አያልፍም። የአምፕሊፋየሩ መግቢያ የድሮው ክብ የዲን ሶኬት ስለሆነም ገመዱን ራሳቸው ሠሩት፤ ከአንድ ሜትር በታች እንዲሆንም አጥብቀው አሳሰቡኝ። እንዲህ ያለ ሣጥን የራሱ የማጠናከሪያ ኃይል ስለሌለው፣ ገመዱ እየረዘመ በሄደ ቁጥር ቀጫጭኑ ድምፅ እየደከመ ይመጣል።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን የሙከራው ሰዓት ነው። የአባቴን የበገና ሲዲ አስገብተን ድምፁ ዝግ ብሎ መውጣት ሲጀምር እኔ በደስታ ልነሣ ስል፣ ጋሼ እጃቸውን አንሥተው ዝም እንድል አመለከቱኝና ዓይናቸውን ጨፍነው ማዳመጥ ጀመሩ። በገና አሥሩም አውታሮች እንዚራ የተባለው ቁራጭ ቆዳ ስለሚገባባቸው ድምፁ በተፈጥሮው እንደ ንብ ይነዝራል፤ ለእኔ ጆሮ የሰማሁት ሁሉ በገና ነበር። እሳቸው ግን ማጫወቻውን ለአፍታ አቆሙት። የበገናው ንዝረት ከአውታሩ ጋር ሲጠፋ ከሥር አንድ ወፍራም እምምታ ቀረ፤ የመብራቱ የ50 ኸርዝ ድምፅ ነበር። ሣጥኑን በጣታቸው ሲነኩት እምምታው ስለተለወጠ፣ ወዲያው ፈትተው የብረቱን ሣጥን ከገመዱ የውስጥ የሽቦ ሽፋን ጋር በአንዲት አጭር ሽቦ አገናኙት። ዳግመኛ ስናቆመው ስፒከሩ ጸጥ አለ። ያን ትንሽ እምምታ ትተውት ቢሄዱ እኔ ዕድሜ ልኬን የበገናው ነው ብዬ እቀበለው ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኛል፤ መብራት ለሚመላለስበት ቤት ሁሉ የሚጠቅም ስለሆነ አካፍላችኋለሁ። ሲከፈት ማጫወቻው ይቀድማል፣ አምፕሊፋየሩ መጨረሻ ነው፤ ሲዘጋ ደግሞ አምፕሊፋየሩ ይቀድማል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ወዲያውኑ አምፕሊፋየሩን ማጥፋትና ቁልፉን ወደ ዜሮ መመለስ ይገባል፤ አለዚያ መብራቱ ሲመጣ ሁሉም እኩል ስለሚነሡ ማጫወቻው ሲነሣ የሚፈጥረው ምት በቀጥታ ስፒከሩ ላይ ያርፋል። ሁለቱን ዕቃዎች አንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ በዲቫይደሩ ማብሪያ ብቻ መክፈትና መዝጋትንም ከልክለውኛል።

የተቃጠለውን ትዊተር ጨምሮ የከፈልኩት ገንዘብ ለፕሪአምፕ ከተጠራልኝ ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ወደፊት የሸክላ ማጫወቻ ለመጨመር ካሰብኩ ይህ ሣጥን እንደማይበቃኝና ያን ጊዜ ፕሪአምፕ መግዛት እንዳለብኝም ሳይደብቁ ነግረውኛል። ጋሼ፣ ስለ ሙያዎና ስለ ትዕግሥትዎ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስልካቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ እዚህ አላሰፈርኩትም፤ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሁሉ በእሳቸው ፈቃድ እሰጣለሁ። ስትሄዱ አምፕሊፋየሩን ብቻ ሳይሆን ማጫወቻውንና የምትጠቀሙበትን ገመድ አብራችሁ ያዙ፤ ሁሉንም አንድ ላይ ሳይለኩ ሥራ አይጀምሩምና።