ለአራብሳው አናጺያችን ለጋሼ፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናቸው የተነሣሁት በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አጠገብ የካቢኔትና የቁም ሳጥን መሥሪያ ቤት ያላቸውን አናጺ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ እኔም እንደ ሠራተኞቻቸው «ጋሼ» ብዬ እጠራቸዋለሁ። የውስጥ ዲዛይን ሥራ ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ዛሬ አብረውኝ የሚሠሩት የሴራሚክ፣ የጂፕሰም፣ የቀለም፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያዎች በሙሉ በቀጥታም ይሁን በሰው በሰው የመጡልኝ በእኚህ ሰው በኩል ነው።

ትምህርቴን ስጨርስ ንድፍ መሥራት እችል ነበር፤ ንድፌን ቤት የሚያደርግልኝ አንድም ሠራተኛ ግን አላውቅም ነበር። የቢዝነስ ካርድ አሳትሜ በየሱቁ አከፋፈልኩ፤ የሠራኋቸውን ሥዕሎች በቴሌግራምና በፌስቡክ ለጠፍኩ፤ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ደንበኛ ብቻ አገኘሁ። እርሳቸውም በ1997 ተመዝግበው፣ በ2005 ምዝገባቸውን አድሰው፣ ከዓመታት ቁጠባ በኋላ በ20/80 የደረሳቸውን ባለ ሁለት መኝታ ቤት የተረከቡ ጡረተኛ መምህርት ነበሩ። የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቁልፍ መረከብ ማለት ቤት ገባሁ ማለት አይደለም፤ ወለሉን፣ ኩሽናውን፣ ቁም ሳጥኑንና ቀለሙን ባለቤቱ ራሱ ያስጨርሳል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ የመጨረሻ ጥሪት ነው።

ከጋሼ ጋር የተዋወቅሁት በዚያ ቤት ነው። ቁም ሳጥኑን እንዲሠሩልኝ ልኬቱን ወረቀት ላይ ጽፌ ስሰጣቸው «ሴራሚኩ ተነጥፏል?» ብለው ጠየቁኝ፤ እኔም ስለቸኮልኩ ልኬቱ ትክክል መሆኑን ብቻ አረጋገጥኩላቸው። የለካሁት ግን ወለሉ ባዶ ሊሾ በነበረበት ጊዜ ነበር። ሴራሚኩ ከነማንጠፊያው አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወለሉን ከፍ ስላደረገው፣ እስከ ኮርኒሱ ድረስ እንዲደርስ የተሠራው ቁም ሳጥን አልቆም አለ። ሦስት ትልልቅ ክፍሎችን ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ በጠባቡ ደረጃ፣ በሰው ትከሻ አራተኛ ፎቅ ድረስ አውጥተን ስናበቃ፣ መልሰን ማውረድ ነበረብን።

በድንጋጤ ወደ አእምሮዬ የመጣው «ሴራሚክ አንጣፊው ወለሉን ከመጠን በላይ ከፍ አደረገው» ብዬ ለመምህርቷ መንገር ነበር። ይህንንም ለጋሼ ነገርኳቸው። እርሳቸው እርሳሱን ከጆሯቸው ላይ አውርደው፣ ከግድግዳው ጥግ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስመር አሰመሩና «ሰውየው ያነጠፈው ደንቡን ጠብቆ ነው። የለካሁት እኔ ነኝ ብለሽ ንገሪያቸው፤ ቆርጬ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። መምህርቷ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ የጠየቁኝ በስንት ቀን እንደሚያልቅ ብቻ ነበር። ጋሼ በሁለት ቀን አስተካክለው አመጡት፤ የጉልበት ዋጋም አልተቀበሉኝም፤ ያስከፈሉኝ የተበላሸውን ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራውን ጣውላ) ብቻ ነው።

እኔ ሳላስተውለው፣ ሴራሚክ አንጣፊው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን ክፍተት በግራውት እየሞላ ንግግራችንን ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። በዚያው ወር ውስጥ ሦስት ደንበኞችን ይዞልኝ መጣ። መምህርቷም ቤታቸውን ለደረጃው ጎረቤት ሁሉ ከፍተው አሳዩ፤ ከዚያው ብሎክ ብቻ አምስት ቤት ሠራሁ። ያን ቀን ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብጥለው ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው ሳያውቀኝ ይቀር እንደነበር አስባለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከማንኛውም ባለሙያ ጋር ሥራ ስጀምር ያ በእርሳስ የተሰመረ መስመር ይታየኛል።

ሁለተኛው ውለታቸው እቁቡ ነው። በአካባቢው የፊኒሺንግ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡበት የሃያ አራት ሰው እቁብ አለ፤ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሺህ ብር ይጣላል። ሴት አባል አልነበረችም፤ እኔንም የሚያውቀኝ ጥቂት ሰው ነበር። ጋሼ ራሳቸው ዋስ ሆነው አስገቡኝ። ዋስ መሆን ምን ማለት እንደሆነ እቁብ የገባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዕጣ ደርሶኝ አርባ ስምንት ሺህ ብር ተቀብዬ ብጠፋ የሚጠየቁት እርሳቸው ነበሩ። በደረሰኝ ብር የሌዘር መለኪያ ገዛሁ፤ የቀረውንም ለዕቃ መግዣ መነሻ ስላደረግሁት ከደንበኞቼ ከፍ ያለ ቀብድ መጠየቅ አቆምኩ። ከገንዘቡ ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ቡናው እየተጠጣ የሚወራው ወሬ ነው፦ የትኛው ሱቅ የትኛውን ሙጫ እንዳስገባ፣ ማን ሥራ እንደፈታ፣ የትኛው ብሎክ ቁልፍ እየተረከበ እንደሆነ፣ ማን ሠርቶ ክፍያ እንደተከለከለ። የባለሙያ ትውውቅ የሚባለውን ነገር እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ባለፈው ክረምት ለአንድ ሳሎን የ60 በ60 ሴራሚክ አራት ካርቶን አነሰኝ፤ ስሌቴ ለብክነት የሚያዘውን አሥር በመቶ ዘንግቶ ነበር። ሴራሚክ በአንድ ሞዴል ስም ቢሸጥም በተለያየ ጊዜ የተመረተው በቀለም ስለሚለያይ በካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር መመሳሰል አለበት፤ ካልተመሳሰለ ወለሉ መብራት ሲያርፍበት ይለያል። ከእቁቡ አባላት አንዱ የሴራሚክ ነጋዴ ነው። እሑድ ማታ ቁጥሩን ፎቶ አንሥቼ ላክሁለት፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ከሌላ ነጋዴ መጋዘን ፈልጎ፣ ገንዘቡን ሳልከፍል አራቱን ካርቶን ላከልኝ። ክፍያውን በማግሥቱ ጠዋት አስገባሁለት።

ሌላው ጉዳይ ኮሚሽን ነው፤ ይህን ቤት የምታሠሩ ሰዎች እንድታውቁት እፈልጋለሁ። ሥራዬ ትንሽ እንደታወቀ፣ አንድ የዕቃ መደብር ደንበኛ ባመጣሁለት ቁጥር በድብቅ ገንዘብ ሊሰጠኝ፣ ያንንም በዕቃው ዋጋ ላይ ሊጨምረው እንደሚችል ነገረኝ። ጋሼን ሳማክራቸው «ያንን ከተቀበልሽ ከእኔ ጋር አትሠሪም» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚያ ጀምሮ ቅናሽ ስጠይቅ የምጠይቀው በደንበኛው ስም ነው፤ ደረሰኙም በቀጥታ ለደንበኛው ይሰጣል፤ እኔ የምቀበለው የዲዛይንና የክትትል ዋጋዬን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ገቢዬ መቀነሱ እውነት ነው። ሆኖም ዛሬ ደንበኞቼ ዕቃ እንድገዛላቸው ብሩን ሲያስረክቡኝ ሁለተኛ ዋጋ ሲያጣሩ አላይም፤ ይህንንም ያገኘሁት በጋሼ ምክር ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው ልመለስ። ጋሼ የኩሽና ካቢኔት፣ ቁም ሳጥን፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫና በር ይሠራሉ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ቀጥ ያለ መስሎ ቢታይም ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ሲለካ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሊለያይ ስለሚችል፣ እርሳቸው ሦስቱንም ሳይለኩ እንጨት አይቆርጡም። ኤምዲኤፍ ጠላቱ ውኃ ነው፤ ያልተሸፈነ ጠርዙ እርጥበት ከነካው ያብጣል፤ ስለዚህ ማንም የማያየውን የጀርባውንና የሥሩን ጠርዝ ሳይቀር ያሽጉታል፤ በላቫንዲኖው ሥር ያለውንም ክፍል ከወለሉ ከፍ ያደርጉታል። ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈራችን ደግሞ የውኃ በርሜል የሚገባበት ቦታ ከካቢኔቱ ጋር አብረው ያዘጋጃሉ፤ ይህን የሚያስብ ባለሙያ ብዙ አላየሁም። የእንጀራ ምጣድ የት እንደሚቀመጥም አስቀድመው ይጠይቃሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ስለሚስብ የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ካቢኔቱ ከተገጠመ በኋላ ግድግዳ መቦርቦር ለሁሉም ኪሳራ ነው።

ዋጋቸው ከሰፈሩ ርካሹ አይደለም፤ ፈጣንም አይደሉም። በአንድ ጊዜ ከሁለት ቤት በላይ አይይዙም፤ ከእንቁጣጣሽና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት አዲስ ሥራ አይቀበሉም። ግማሹን በቀብድ፣ ግማሹን ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ይቀበላሉ፤ ቀን ከሰጡ ግን በዚያው ቀን ነው።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ማንም ሳያውቀኝ ዋስ ስለሆኑኝ፣ ከጥፋቴ ፊት እንድቆም ስላደረጉኝ፣ በየቤቱ «ልጄ ናት» እያሉ ስላስተዋወቁኝ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሊያሠሩ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔ አገናኛችኋለሁ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሴራሚኩ ተነጥፎ ማለቁን አረጋግጡ፤ ካላለቀ ጋሼ መለኪያቸውን ከኪሳቸው አያወጡም።