እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ላስተማሩኝ ጋሼ

4 ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የላብራቶሪ (ላብ) ልምምድ የሚሰጡ ጡረታ የወጡ የላብ ቴክኒሻን አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። ላመሰግናቸውም ልጠቁማቸውም ነው የመጣሁት።

ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ላብ ነበረው፤ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ቲትሬሽን (ቀለሙ እስኪለወጥ ሌላ ፈሳሽ ጠብ እያደረጉ የአሲድን መጠን መለካት) የተማርኩት በጠመኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ለስድስት አንድ ቢዩሬት (ከታች መክፈቻ ያለው ባለ ቁጥር ረጅም የመስታወት ቱቦ) ደረሰን። አንዱ ቀልጣፋ ልጅ ይሠራል፣ ሌሎቹ ያያሉ፣ እኔ ጽሕፈቴ ስለሚያምር ቁጥር እመዘግባለሁ። (ስንቷ ሴት ናት "ጽሕፈትሽ ያምራል" ተብላ ደብተር ይዛ የቀረችው!) በሪፖርቱ ኤ አገኘሁ፤ ቢዩሬቱን ግን ነክቼው አላውቅም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼ 50 ሚሊ ሊትር ቢዩሬት ሰጡኝና ሁለቱንም እጃቸውን ነጩ ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። "ጋሼ፣ ልክ ነኝ?" ስላቸው "እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ እሱን እዪው" አሉኝ። ለዚህ ነው የከፈልኩት? አልኩ በልቤ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን ወደ አሲዱ ስለቀው አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆነው ጠቋሚ፣ ፌኖልፍታሊኑ፣ ባንዴ የቀይ ሥር ውሃ መሰለ። ፈዛዛ ሮዝ ላይ መቆም ነበረብኝ፤ አለፈኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ላይ ከመክፈቻው በታች አንዲት የአየር አረፋ ተሸጉጣ አየኋት። ለካ እሷ ስትወጣ ቦታዋን የሚሞላው ፈሳሽ ፍላስኩ ውስጥ ሳይገባ እንደገባ ይቆጠራል! ጋሼ ቀድመው አይተዋት ኖሯል፤ እኔ እስካገኛት ነው ዝም ያሉት። ከዚያ በኋላ ያቺ ፈዛዛ ሮዝ መጣች፤ ፍላስኩን ባሽከረክረውም አልጠፋችም። የፈሰሰው 24.30፣ 24.35፣ 24.30 ሚሊ ሊትር። ሦስቱንም ራሴ ሠራሁ፣ ራሴ መዘገብኩ።

ሌላ ቀን ውሃ ስናፈላ ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቆመ። ተበላሽቷል ብዬ ሌላ ጠየቅኩ፤ እሱም ያው። "መጽሐፉ 100 ነው የሚለው" ብላቸው "መጽሐፉ የት ሆኖ ነው የለካው? አንቺስ የት ነሽ?" አሉኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ስንት ዓመት ሻይ አፍልቼባታለሁ!

እጃቸው ከኪስ የሚወጣው ለአደጋ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ኮንሰንትሬትድ (ያልተበረዘ) ሰልፈሪክ አሲድ ላይ ውሃ ሊጨምር ሲል ክንዱን ጨብጠው ያዙት። ሙቀቱ አሲዱን ወደ ፊት ሊረጨው እንደሚችል ነገሩትና አሲዱን በትንሽ በትንሹ ወደ ውሃው እንዲጨምር አደረጉት። ያንንም ቢሆን ራሱ ነው የሠራው።

በአንድ ጊዜ ከአራት ተማሪ በላይ አይቀበሉም፣ ክፍያውም ለተማሪ ኪስ የሚከብድ አይደለም። ለማትሪክ ጥያቄ የሚያሠራ አስጠኚ የምትፈልጉ ግን ሌላ ቦታ ብትሄዱ ይሻላል። ሰዓት ላይም ቀልድ የለም፤ 2፡30 ካሉ በሩ 2፡30 ይዘጋል። መገናኛ ታክሲ አጥቼ አሥር ደቂቃ በማርፈዴ ከበር ተመልሻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ግቢ ላብ ስንገባ ደብተሩን ለዚያ ቀልጣፋ ልጅ ሰጠሁት። ጽሕፈቱ አይነበብም።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መመዝገብ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።