በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላከሙኝ ሐኪምና ሲስተር የቀረበ ምስጋና

የታመምሁበት የሰውነት ክፍል በአደባባይ ሊጻፍበት የሚመች አለመሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በማፈሬ ምክንያት ሁለት ሙሉ ቀን በስቃይ ስላሳለፍሁ፣ እንደ እኔ አፍሮ የሚዘገይ ሰው እንዳይኖር በማሰብ፣ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ላከሙኝ ሐኪምና አብረዋቸው ለሚሠሩት ሲስተር ምስጋናዬን በግልጽ ለማቅረብ ወስኛለሁ። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

የምኖረው አማኑኤል ከተማ ሲሆን፣ ሥራዬ ሒሳብ መያዝ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ በእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ ስለምቆይና ከዚያ በኋላም ከሽሮ በቀር እምብዛም ስለማልበላ ሆዴ ለቀናት ደረቀ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጸዳጃ ቤት ብዙ ካማጥሁ በኋላ በፊንጢጣዬ ጠርዝ ላይ ከባቄላ ፍሬ ከፍ የሚል ጠጣር እብጠት ዳሰስሁ፤ ማታ ላይ መቀመጥ ቀርቶ ማሳል እንኳ የሚያስፈራኝ ሆነ። መድኃኒት ቤት ብሄድ ከመቼ ጀምሮ እንዳመመኝ ሳልጠየቅ ቅባት ተሰጠኝ፤ ምንም አልረዳኝም። አንድ ወዳጄ ደግሞ ኪንታሮት በቅጠል አቃጥሎ የሚያወርድ ሰው ጠቆመኝ። እሄድ ነበር፤ ባለቤቴ ግን በፍጹም እንቢ አለች፣ ሰኞ ማለዳም በሚኒባስ በአንድ ጎኔ ተደግፌ ደብረ ማርቆስ ደረስሁ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁኝ ሕመሙ የጀመረኝን ቀንና ሰዓት ነበር። ውጫዊ ኪንታሮት መሆኑን፣ ከቆዳው ሥር ባለው ደም ሥር ውስጥ ደም ስለረጋ ማበጡን፣ ያ ቆዳ እንደ ጣት ቆዳ ሕመም የሚሰማው በመሆኑ እንደዚያ እንዳንገበገበኝ በትዕግሥት አስረዱኝ። ሕመሙ ከጀመረ 72 ሰዓት ሳይሞላ ከተደረሰ ቆርጦ ማውጣቱ ቶሎ እንደሚያሳርፍ፣ ከዚያ ካለፈ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድ በማስታገሻና በለብ ውሃ መታገሡ እንደሚሻል ነግረውኝ ምርጫውን ለእኔ ተዉት፤ እኔም ተቆርጦ እንዲወጣልኝ መረጥሁ። በቅጠል ስለማቃጠል ስጠይቃቸው ቁስሉ ሲድን የሰገራ መውጫውን ሊያጠብበው እንደሚችል ነገሩኝ፤ ባለቤቴን በልቤ አመሰገንሁ።

በግራ ጎኔ ጉልበቴን አጥፌ ስተኛ ሲስተሯ መጋረጃውን ስበው ዘጉ፣ ተለማማጆቹ እንዲቆዩ እፈቅድ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አልፈቅድም ስል አስወጧቸው፣ ጋቢዬንም ለሥራው ከሚያስፈልገው ቦታ በቀር በላዬ አለበሱኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞሬን አይተው «ጋሼ፣ ይኼም እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ቦታው ብቻ ነው የተለየው» አሉኝ። ለዚህ ንግግራቸው ልዩ ምስጋና አለኝ፣ ምክንያቱም ከሕመሙ ይልቅ ያደከመኝ እፍረቱ ነበር። የማደንዘዣው የሊዶካይን መርፌ ሲገባ በእውነት ያማል፤ ይህን ልደብቅ አልፈልግም። ከደነዘዘ በኋላ ግን መነካካቱ እንጂ ሕመም አልተሰማኝም፣ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜም አለቀ። የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውን ጥቁር የረጋ ደም በፋሻ ላይ አድርገው አሳዩኝ።

ቁስሉ በክር ሳይሰፋ ክፍት እንደሚተውና ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም እንደሚያሳይ፣ ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሽንት እንቢ ካለ ግን ሳልውል ሳላድር እንድመለስ አስጠነቀቁኝ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከመጸዳጃ ስወጣም ጭምር፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጌ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እንድቀመጥበት አዘዙኝ። ጾሜን ፍታ አላሉኝም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃ በብዛት እንድጠጣ፣ ጎመንና ባቄላ እንድጨምር፣ ተልባ እንዳዘወትር፣ መጸዳጃ ቤትም ረጅም ጊዜ እንዳልቀመጥ መከሩኝ። ዕድሜዬ 52 በመሆኑ ከሰገራ ጋር ደም አይቼ፣ ከስቼም እንደሆነ ጠየቁ፤ ደም የሚያይ ሰው ኪንታሮት ነው ብሎ በራሱ መደምደም እንደሌለበት፣ የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ሊጀምር እንደሚችል ገለጹልኝ።

በመቀመጫው አካባቢ ድንገተኛ እብጠትና ሕመም ያጋጠማችሁ የማቻከል፣ የጎዛምንና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ ካርድ አውጥታችሁ ወደዚሁ ተመላላሽ ክፍል እንድትሄዱ እመክራለሁ። ሴቶች እኅቶቼ ሴት ባለሙያ አብራ እንድትገኝ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና አራስ ይህ ሕመም ስለሚያገኛቸው ዝም ብለው እንዳይሰቃዩ።

ለቁስሉ ቀጠሮ ስመለስ ተራዬን በእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ሲስተሯ ከሩቅ አዩኝ፤ ወደ ክፍሉ ዞር ብለውም «ዶክተር፣ ጋሼ ተቀምጠዋል!» ብለው ተጣሩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።