ሳፋየር ሪዘርቭ፦ 795 ዶላሩ ያዋጣል?

የአሜሪካው ቼዝ ባንክ ሳፋየር ሪዘርቭ የተባለው የክሬዲት ካርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ገበያ ላይ ሲወጣ ዓመታዊ ክፍያው 450 ዶላር ነበር። በ2020 መጀመሪያ 550 ደረሰ። በጁን 2025 ለአዲስ አመልካቾች 795 ሆነ፤ ነባር ደንበኞችም ከዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ወዲህ ካርዳቸው ሲታደስ ይህንኑ ይከፍላሉ። እኔ ከነባሮቹ ወገን ነኝ። እዚህ አሜሪካ የምተዳደረው ለትንንሽ ድርጅቶች ሒሳብ በመያዝ ነው። የሰውን ወጪ ሳንቲም በሳንቲም እያጣራሁ ውዬ የራሴን 795 ዶላር በዝምታ ማሳለፍ አልሆነልኝም።

ባንኩ የክፍያውን ጭማሪ የሚያስታውቀው ከረጅም የጥቅማ ጥቅም ዝርዝር ጋር ነው። የጉዞ ተመላሽ፣ የሆቴል ተመላሽ፣ የምግብ ቤት ተመላሽ፣ የኮንሰርት ትኬት ተመላሽ፣ የአፕል ሙዚቃና ቴሌቪዥን፣ የሊፍት ታክሲ፣ ምግብ ቤት ድረስ የሚያመጣው የዶርዳሽ ቅናሽ፣ የፔሎተን ስፖርት። ስደምረው ከ2,000 ዶላር በላይ ወጣኝ። እንዲህ ከታየ ካርዱን አለመያዝ ገንዘብ መጣል ይመስላል። እኔ ግን እያንዳንዱን መስመር የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ካርድ ባይኖረኝ ለዚህ ነገር ከኪሴ ገንዘብ አወጣ ነበር? አወጣ ከነበረ ያንኑ ያህል እጽፋለሁ። ካልሆነ ዜሮ።

ፈተናውን በሙሉ ማዕረግ ያለፈው የ300 ዶላሩ የጉዞ ተመላሽ ብቻ ነው። ምንም ማንቀሳቀስ፣ መመዝገብም አያስፈልግም። የአውሮፕላን ማረፊያ መኪና ማቆሚያ፣ የባቡር ትኬት፣ የመንገድ ቀረጥ፣ ሆቴል፣ ሁሉም ይቆጠራል። በወር መግለጫው ላይ የመኪና ማቆሚያ ብሎ የተመዘገበው 24 ዶላር ከቀናት በኋላ በመቀነስ ምልክት 24 ተብሎ ተመልሶ ይታያል፤ 300 እስኪሞላ እንዲሁ ይቀጥላል። ለመደበኛ ተጓዥ ይህ ጥሬ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ 795ቱን 495 ብዬ መቁጠር አይከብደኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። የ500 ዶላሩ የሆቴል ተመላሽ በሁለት 250 የተከፈለ ሲሆን፣ ባንኩ ከመረጣቸው ውድ ሆቴሎች በአንዱ፣ በባንኩ የጉዞ ገጽ በኩል፣ ቅድሚያ ተከፍሎ፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደርን ይጠይቃል። እኔ በምሄድባቸው ከተሞች ዝርዝሩን ከፍቼ አይቻለሁ። 250ው ተቀንሶ እንኳ የሚቀረው ሒሳብ እኔ ከማድርበት ሆቴል ሙሉ ዋጋ ይበልጣል። 250 ለማስመለስ 400 ተጨማሪ ማውጣትን የሒሳብ ባለሙያ ቁጠባ አይለውም። የምግብ ቤቱ 300 ዶላር ለስድስት ለስድስት ወር በ150 ተከፍሏል፤ የሚሠራውም በተወሰኑ ምግብ ቤቶች ብቻ ነው። የዶርዳሹ ቅናሽ በወር አንድ የ5 እና ሁለት የ10 ዶላር ኩፖን ሲሆን፣ ወሩ ካለቀ አብሮ ያልቃል። እነዚህን ሁሉ ለመጠቀም ሰው ሞባይሉ ላይ የቀን መቁጠሪያ ማስታወሻ እየሞላ መኖር አለበት። ባንኩ ይህን በደንብ ያውቃል፤ ያልተጠየቀ ተመላሽ ለባንኩ የተረፈ ገንዘብ ነው። የአፕል ሙዚቃውን እከፍልበት ስለነበር መዝግቤዋለሁ። ፔሎተን ዜሮ። የኮንሰርት ትኬት ዜሮ።

በካርዱ በከፈልን ቁጥር ስለሚጠራቀሙትና ለጉዞ ስለሚመነዘሩት ነጥቦች ላውራ፤ ሰው በብዛት የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ባንክ ሳፋየር ፕሪፈርድ የሚባል ታናሽ ካርድ አለው፤ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር። ምግብ ቤት ላይ ሁለቱም በዶላር 3 ነጥብ ይሰጣሉ። በቀጥታ ከአየር መንገድ ወይም ከሆቴል ለሚገዛ ሪዘርቭ 4፣ ፕሪፈርድ 2 ይሰጣል። ከ2025ቱ ለውጥ በፊት ሪዘርቭ ለማንኛውም የጉዞ ወጪ 3 ነጥብ ይከፍል ነበር፤ አሁን ግን ለመኪና ማቆሚያ፣ ለባቡርና ለመንገድ ቀረጥ 1 ብቻ ነው። ፕሪፈርድ ለእነዚሁ 2 ይከፍላል። በ95 ዶላር የሚያዘው ካርድ በ795 ዶላር ከሚያዘው እጥፍ የሚከፍልበት ቦታ አለ ማለት ነው።

በዓመት ለትኬትና ለሆቴል 4,000 ዶላር፣ ለሌላ የጉዞ ወጪ ደግሞ 1,200 ዶላር የሚያወጣ ቤተሰብ እንውሰድ። በመጀመሪያው ወጪ ሪዘርቭ በ8,000 ነጥብ ይበልጣል፤ በሁለተኛው በ1,200 ያንሳል። ልዩነቱ 6,800 ነጥብ ነው። አንዱን ነጥብ በአንድ ሳንቲም ተኩል ብንተምነው 102 ዶላር ይሆናል። የሁለቱ ካርዶች የክፍያ ልዩነት 700 ዶላር ነው። ከዚያ ላይ 300ው የጉዞ ተመላሽና ይህ 102 ሲነሳ 298 ይቀራል፤ ፕሪፈርድ በዓመት የሚሰጠው የ50 ዶላር የሆቴል ተመላሽ ሲታሰብ ደግሞ ወደ 350 ይጠጋል። እንግዲህ ላውንጁ፣ ማለትም የአውሮፕላን ማረፊያው የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ፣ እና የቀረው ነገር ሁሉ ይህን 350 ዶላር መሸከም አለበት።

ባለቤቴ ላውንጅ ነፍሱ ነው። “በፍተሻ የተዋከበ ሰው ተቀምጦ ቡና መጠጣት ይገባዋል” ይላል፤ አልፈርድበትም። ካርዱ ፕራዮሪቲ ፓስ የተባለውን የላውንጅ አባልነት ይሰጣል፤ ባንኩ በቦስተን፣ በኒው ዮርክና በፊላደልፊያ የከፈታቸው የራሱ ላውንጆችም በእርግጥ ያማሩ ናቸው፤ ምግባቸውም ከተለመደው አይብና ብስኩት የተሻለ ነው። ችግሩ ካርድ ያዡ ሁለት ሰው ብቻ ይዞ በነጻ መግባቱ ነው። እኛ ከልጆቻችን ጋር አራት ነን። ለአራተኛው ሰው በር ላይ መክፈል፣ አለዚያ ባለቤቴን ተጨማሪ ካርድ ያዥ ማድረግ ይኖርብናል። ይህ ቀድሞ በዓመት 75 ዶላር ነበር፤ አሁን 195 ነው። በዚያ ላይ በበዓል ሰሞን የላውንጁ በር ላይ ያለው ሰልፍ ከታች ካለው የቡና መሸጫ ሰልፍ ይረዝማል። ስማችሁን በስልክ አስመዝግባችሁ ትጠብቃላችሁ፤ ተራችሁ ሲደርስ በረራችሁ እየተሳፈረ ይሆናል። እኔ በጉዞ አንድ ጊዜ ለአራታችን የምናወጣውን የምግብ ወጪ ቆጥሬ ለላውንጁ ቦታ ሰጥቼዋለሁ፤ 350 ግን አልሞላም።

ካርዱን ለረጅም ጊዜ እንድይዘው ያደረገኝ ከካርዱ ጋር የሚመጣው የጉዞ መድን ነው። አንድ ክረምት የመገናኛ በረራችን ተሰርዞ ከተማው ውስጥ ማደር ነበረብን። ትኬቱን የገዛሁት በዚህ ካርድ ስለነበር የሆቴሉን፣ የእራቱን፣ የጥርስ ብሩሹን ሳይቀር ደረሰኝ ሰበሰብኩ። ሽፋኑ በአንድ ትኬት እስከ 500 ዶላር ነው። የሚጠየቀው ማስረጃ የጉዞው ዝርዝር፣ የካርዱ መግለጫ፣ እቃ በእቃ የተጻፈ ደረሰኝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመዘግየቱን ምክንያት የሚገልጽ የአየር መንገዱ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ቤት ገብቶ ማስጻፍ ፍዳ ስለሆነ እዚያው መሳፈሪያው በር ላይ ጠይቁ። ገንዘቡ ከሳምንታት በኋላ ሙሉ በሙሉ ገባልኝ። ይህንን ለሪዘርቭ ውለታ ጽፌለት ነበር፤ የሁለቱን ካርዶች የመድን መመሪያ ጎን ለጎን ሳነብ ግን ልዩነቱ በሰዓት ላይ መሆኑን አየሁ። ሪዘርቭ 6 ሰዓት መዘግየትን ይጠይቃል፤ ፕሪፈርድ 12። ሌሊት ማደር ካስገደደ ሁለቱም ይከፍላሉ። የእኛን ሌሊት ታናሹም ይከፍለው ነበር። የተከራዩት መኪና ቢጎዳ ከግል መድናችሁ ቀድሞ የሚከፍለው ሽፋንም በሁለቱም ላይ አለ፤ በውጭ አገር ሲከፈል የሚጨመር ኮሚሽንም በሁለቱም የለም።

ነጥብ ወደ አየር መንገድ ማዛወርም እንደዚሁ ነው፤ ሁለቱም ካርዶች የሚያዛውሩት ወደ ተመሳሳይ ሸሪኮች ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ዩናይትድ አየር መንገድና ኤሮፕላን የተባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንደነሱ ሁሉ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ስለሆነ በእነዚህ ነጥቦች ከዋሽንግተኑ ዳለስ አዲስ አበባ መብረር ይቻላል። ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የማይል ፕሮግራም፣ ወደ ሼባማይልስ፣ በቀጥታ ማዛወር ግን አይቻልም። ኤሮፕላን የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ ስለማይጥል እኔ እሱን አስቀድማለሁ። ወንበሩ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ ነጥብ አታዛውሩ፤ ከተዛወረ አይመለስም።

ካርዱ ለማን ያዋጣል? ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር በየወሩ ለሚበር፣ ውድ ሆቴል ማደሩን ለማይተው፣ ምግብ ቤቶቹም በከተማው ላሉለት ሰው በእርግጥ ያዋጣል። ላውንጅ ብቻ የሚፈልግ ሰው የካፒታል ዋን ባንክን ቬንቸር ኤክስ ካርድ ይመልከት፤ 395 ዶላር ሆኖ በገጹ በኩል ለሚገዛ ጉዞ 300 ይመልሳል፣ በየዓመቱም 10,000 ማይል ይጨምራል። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም ካርድ 895 ደርሷል፤ የኩፖኑ ብዛት ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከወር ወር ዕዳ የሚያሳድር ሰው ግን የትኛውንም አይንካ። በ24 በመቶ ወለድ 3,000 ዶላር ያሳደረ ሰው በወር 60 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ያንን የሚያካክስ ነጥብ የለም። ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጠው የመግቢያ ጉርሻም አይን ያሳውራል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ይሸፍናል፣ ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ግን የለም።

እኔ ደውዬ ወደ ፕሪፈርድ አስቀየርኩት። መዝጋት አያስፈልግም፤ ሲቀየር የሒሳቡ ዕድሜና የተጠራቀመው ነጥብ እንዳለ ይቀጥላል። ከመደወላችሁ በፊት የዓመቱን 300 ዶላር ተጠቅማችሁ ጨርሱ። አፕል ሙዚቃውንም በካርዱ ከፍታችሁ ከሆነ ራሳችሁ ግቡና አቋርጡት፤ አለበለዚያ ነጻ ጊዜው ሲያበቃ ሒሳቡን ከእናንተ መቁረጥ ይጀምራል።