ከደረጃ 4 ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ፦ በቀን ወይስ በማታ?

ጎንደር ውስጥ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ 4 ተመርቆ፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፎ ዲግሪ ያማረው ልጅ ሁለት መንገድ ከፊቱ ይቀመጣል። መደበኛው የቀን ትምህርት አራት ዓመት ነው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወጪው በወጪ መጋራት ይያዝና ሥራ ሲገኝ ይከፈላል። ማታው ወይም የቅዳሜና እሁዱ ደግሞ በክሬዲት እየተቆጠረ ከኪስ ይወጣል፣ ዓመቱም ይረዝማል። በገንዘብ ብቻ ከታየ ቀኑ ያዋጣል።

ግን ነገሩ የሒሳብ ትምህርቱ ላይ ነው። በኔትወርክ ኬብል ውስጥ ያሉትን ስምንት ክሮች ከነጭ ብርቱካናማው ጀምሮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚደረድር ልጅ ዲስክሪት ማትስ (የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት የሆነው ሒሳብ) ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይቆማል። ኮሌጅ እጅን ነው ያስለመደው፤ ዲግሪው ግን "ይህ አልጎሪዝም (የአሠራር ቅደም ተከተል) ለምን ፈጠነ? አረጋግጥ" ይላል። ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ቀን ፒያሳ ኮምፒውተር ሲጠግን ውሎ፣ ማታ አዘዞ ለመግባት ባጃጅ የሚጠብቅ ሰው ያንን ጊዜ ከየት ያመጣል? (መብራት የሄደ ዕለትማ አይነሣ።)

ማታውም ጥቅም አለው፦ ደንበኛ አይበተንም፣ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተማሩትን በማግስቱ ሥራ ላይ ያዩታል። ለመመረቅ የሚወሰደው የመውጫ ፈተና ግን፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ማለፊያውም 50 በመቶ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ቤተሰብ የሚጠብቀው ደመወዝ ከሌለ ቀኑን። ካለ ማታውን፣ ግን ክረምቱን ሒሳብ ላይ አሳልፋችሁ ግቡ። የመግቢያ መስፈርቱን ደግሞ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ።